ከክርስትናው ማግስት የመጣ መርዶ

ደብዳቤው፦

«እትዬ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሴት አያቴ ባለፈው ዓመት በ93 ዓመታቸው አረፉ። ከአርባቸው በኋላ ሣጥናቸውን ስንከፍት ከነጠላቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ አገኘን። የክቡር ዘበኛ ልብስ የለበሰ ረጅም ወጣት ነው። ጀርባው ላይ በእርሳስ "ለማስታወሻ ይሁንሽ፣ ሚያዝያ 1943" ይላል። አብሮት የሐር መሀረብና ሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ ያለው ሜዳይ ነበር።

ይህ ሰው የእናቴ አባት ነው። ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቶ መስከረም 1944 ላይ እዚያው ወደቀ። እናቴ የተወለደችው ኅዳር ላይ ስለሆነ አላየችውም። አያቴ አራስ ስለነበሩ ዘመድ ደብቆ ቆይቶ መርዶውን የነገራቸው በእናቴ ክርስትና ማግስት ነው አሉ። ከዚያ በኋላ አያቴ ሌላ አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። እናቴን ያሳደጓት እኚሁ ባላቸው ናቸው፤ የምትጠራውም በሳቸው ስም ነው። እኔም አባባ እያልኩ ያደግሁት እሳቸውን ነው።

ፎቶውን አሳድጌ፣ ፍሬም አስገብቼ ሳሎን ልሰቅለው፣ በመስከረምም ሙት ዓመቱን ላወጣ አሰብኩ። ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። "ለሰው አገር ጦርነት ጥሎኝ የሄደ ሰው ነው። አባቴ የሞተው በ1988 ነው፤ በእጄ ቀብሬዋለሁ" አለችኝ። ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ይባስ ብሎ "የኛን አባት ከግድግዳ ልታወርዱት ነው?" ብሎ ተቆጣ። ልጄ ለዩኒቨርሲቲ ደርሷልና ለኮሪያ ዘማቾች ቤተሰብ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ ሰምቼ አጠያይቄ ነበር፤ አጎቴ ይህን ሰምቶ "ለስኮላርሺፑ ነው አይደል?" አለኝ። እውነቱን ለመናገር እሱንም አስቤያለሁ። ግን ለእሱ ብቻ አይደለም። ሰውየው ከሞተ 74 ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ዝም ልበል? ወይስ እናቴን አስቀይሜም ቢሆን ላድርገው?

የልጅ ልጁ ነኝ»

መልሱ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ጎልቶ የታየኝ የእናትሽና የአጎትሽ ቁጣ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን አንቺ ቸኩለሽ ያለፍሻት አንዲት መስመር ያዘችኝ። መርዶው የተነገረው በእናትሽ ክርስትና ማግስት ነው ብለሻል።

እስቲ ያንን ቤት አስቢው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፤ በኅዳር የተወለደች በየካቲት ማለት ነው። አባትዬው ከወደቀ አምስት ወር ሆኖታል። ዘመድ ያውቃል፤ ጎረቤትም ሳይሰማ አይቀርም። የማታውቀው አራሷ ብቻ ናት። ገንፎ ያገነፉላታል፣ አጥሚት ያጠጧታል፣ ስለ ባሏ ስትጠይቅ «ኮሪያ ሩቅ ነው፣ ደብዳቤ ይዘገያል» ይሏታል። ከዚያ ክርስትናው ተደገሰ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ እልል ተባለ፤ በማግስቱ በማለዳ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ለደስታ የተጣለው ዳስ ሳይፈርስ ለቅሶ ተቀመጡበት ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

በዚያ ቀን መሀል የነበረችው ሕፃን እናትሽ ናቸው። በድሮ ሰፈር ያደገ ሰው እንዲህ ዓይነቷን ልጅ ምን ይሏት እንደነበር ያውቃል። «እግሯ ጥሩ አይደለም» ይባላል። ክፉዎቹማ «አባቷን በልታ የመጣች» ይላሉ። እናትሽን እንዲህ ያለ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ነገር ግን 70ን ያለፉ እናት «ጥሎኝ ሄደ» ሲሉ ስለ ኮሪያ ጦርነት አስተያየት እየሰጡ አይደለም። አባቷን ያላየች ልጅ ናት እየተናገረች ያለችው። አንቺ ደግሞ ስለ ጦርነቱ መልስ ልትሰጫቸው ተዘጋጅተሻል ብዬ እፈራለሁ።

ይህን የምለው እኔም አበላሽቼ ስለማውቅ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ኮንጎ ዘምቶ አልተመለሰም። ከብዙ ዓመት በኋላ እኔ ነኝ ያለች የተማረች የወንድም ልጅ ሆኜ መታሰቢያ አዘጋጀሁለት። አራት ገጽ ጽፌ ስለ ተባበሩት መንግሥታት፣ ስለ ካታንጋ፣ ስለ ጦሩ አሰላለፍ ቆሜ አነበብኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ባለቤቱ ካቀረቀሩበት ቀና ብለው «ልጄ፣ ይሄ የምታነቢው ስለ ማን ነው? እሱ እኮ በቅሎ የሚፈራ ሰው ነበር» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ስለ እሱ ሲወራ ዋለ፤ ከኔ አራት ገጽ ግን አንዲት ቃል ያነሣ አልነበረም።

እንዲህም ሆኖ ታሪኩን አንቺ ልታውቂው ይገባል። እናትሽን ልትረቺበት አይደለም፤ የአያትሽ ዝምታ ከየት እንደመጣ እንዲገባሽ ነው። ሻለቃው ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ እየተመራ በሚያዝያ 1943 ከጅቡቲ በመርከብ ተነሣና በግንቦት መባቻ ገደማ ቡሳን ደረሰ። ያ ፎቶ የተነሣው እንግዲህ በመጨረሻዎቹ ቀናት መሆኑ ነው። ውጊያውን የተዋጉት ከአሜሪካው 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ሆነው ነው። ተኩሱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 እስኪቆም ድረስ ሁለት ሻለቆች ተተክተው ዘምተዋል። በጦርነቱ 121 ሰዎች ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከባቸውም፤ የወደቀ ጓዳቸውንም ትተው አልተመለሱም። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዣት፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ታዲያ ለምን ፎቶው ነጠላ ሥር ተደበቀ? በመጀመሪያ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት መጣ። የመራው የክቡር ዘበኛ አዛዥ ስለነበረ የዚያ ጦር ልብስ ያስከብር የነበረውን ያህል ማስጠርጠር ጀመረ። ቀጥሎ 1966 መጣ። ደርግ ወዳጅነቱን ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲያደርግ፣ ለደቡብ ኮሪያ የተዋጋ ሰው «ዘማች ነበርኩ» ብሎ ደረቱን የሚነፋበት ዘመን አለፈ። ሜዳዩን የደበቀ፣ የጣለም ሞልቷል። አያትሽ አልጣሉም። ሜዳዩን ወደ ብርሃን አውጥተሽ ብታዪው ምናልባት ጽሑፉ አማርኛ ይሆናል፤ የተባበሩት መንግሥታት ለኛ ዘማቾች የሰጠው ሜዳይ በራሳችን ፊደል የታተመ ነበርና። አማርኛ ጽሑፍ ያለበትን ሜዳይ በዚያ ዘመን ቤት ውስጥ ማኖር፣ ማንበብ የሚችል ሁሉ ሊያነብብሽ ነው። አያትሽ ይህን እያወቁ ነው ያኖሩት።

«የሰው አገር ጦርነት» የሚለው ክርክር ደግሞ በሁለቱም በኩል እውነት አለው። ንጉሡ በሰኔ 1928 ጄኔቫ ላይ ቆመው ስለ አገራቸው ጮኸው ሰሚ ያጡ ሰው ነበሩ። ከ14 ዓመት በኋላ ሌላ ትንሽ አገር ስትወረር የጋራ ደኅንነት የሚለውን ቃል መልሰው ማጠፍ አልፈለጉም። ይህ የንጉሡ ሒሳብ ነው፤ እኔ በበኩሌ የሚያሳፍር ሒሳብ አይመስለኝም። በ19 ዓመቷ እርጉዝ ሆና የቀረችው አያትሽ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ልትደምሪያቸው አትችዪም፤ ደግሞም ማን ደምሪ አለሽ? አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ቃኘዎች ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ወላጅ ላጡ የኮሪያ ልጆች ማሳደጊያ እንዳቋቋሙ ታነቢ ይሆናል። እውነት ነው፤ የሚያምርም ነው። ለእናትሽ ግን አሁን እንዳትነግሪያቸው። ያለ አባት ላደገች ልጅ ጓደኞቹ የሌላውን ልጅ አሳደጉ ብሎ መንገር በቁስል ላይ ጨው ነው።

ወደ ስሙ ልምጣ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። ያንቺን አያት (አንቱ ልለው አስቤ ነበር፤ ፎቶው ላይ ያለው ግን ካንቺ በብዙ የሚያንስ ልጅ ነው) የገጠመው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ስሙ ተጠርቶ አያውቅም ያልሽው ለቤታችሁ እውነት ይሆናል። ቡሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ የመታሰቢያ ግንብ አለ፤ ለደቡብ ኮሪያ የወደቁ ከ40,000 በላይ የውጭ ወታደሮች ስም በየአገራቸው ተቀርጾበታል። የኢትዮጵያውያኑም አለ። ሴኡል የሚገኘው የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየምም ስማቸውን በነሐስ ላይ ይዟል። ቹንቾን በምትባለው ከተማ ደግሞ ለነሱ ለብቻቸው የቆመ ሐውልትና ቤተ መዘክር አለ። ማንም ዘመዱ በማያልፍበት አገር ስሙ ድንጋይ ላይ ሰፍሯል፤ እዚህ ቤቱ ውስጥ ግን ልጁ እንኳ በሌላ ሰው ስም ትጠራለች።

አሁን ያዣት ያልኩሽን ነገር አውጪያት። በዚያው በቡሳን መካነ መቃብር ዛሬ የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም። መጀመሪያ እዚያ አርፈው ነበር፤ በኋላ አፅማቸው ወደ አገሩ ተመለሰ። ስማቸው ቡሳን ቀረ፣ አካላቸው መጣ። እናትሽ ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም። ከ70 ዓመት በላይ «ጥሎኝ ሄደ» ሲሉ የኖሩት አባት ወደ አገሩ ተመልሶ በአንድ ከተማ አብሯቸው ሲኖር ከርሞ ሊሆን ይችላል። ይህን ግን በአፍሽ ከማውጣትሽ በፊት በእግርሽ አጣሪ። የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ሄደሽ ጠይቂ። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢም ዘማቾቹ የሚታሰቡበት ስፍራ አለ፤ ካህናቱን አነጋግሪ። ቦታው ከተረጋገጠ ለእናትሽ በቃል አትንገሪያቸው፤ አንድ ቀን እግረ መንገድ አስመስለሽ ይዘሻቸው ሂጂ።

ስትፈልጊ ሁለት ነገር ያስቸግርሻል። አንደኛው የስሙ አጻጻፍ ነው። የሻለቃውን መዝገብ በላቲን ፊደል የገለበጡት ሰዎች እንደሰሙት ነው የጻፉት፤ አንዱን ኃይለ በሦስት ዓይነት ታገኚዋለሽ፤ የአባቱን ስም አስቀድመው የራሱን ያስከተሉም አሉ። ስሙን በምትችዪው ዓይነት ሁሉ ጽፈሽ ያዢ። ሁለተኛው ቀኑ ነው። የነሱ መዝገብ ሴፕቴምበር ቢል መስከረም ነው ብለሽ ወዲያው አትደምድሚ፤ 1944 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን ነበርና ከዚያ በፊት ያለው ነሐሴና ጳጉሜ ነው። ቤታችሁ «መስከረም» የሚለው የሞተበት ቀን ይሁን ወሬው የደረሰበት እንኳ እርግጠኛ አይደለሽም።

ከሁሉም የከበደው ግን ሦስተኛው ስም ነው፤ የክርስትና ስሙ። በድንጋዩም፣ በመዝገቡም፣ በፎቶው ጀርባም ቢሆን እሱን አታገኚውም። ጸሎተ ፍትሐት ሲደረግ ካህኑ የሚጠይቅሽ ደግሞ እሱን ብቻ ነው። የፎቶውን ፍሬም ከማሠራትሽ በፊት ይህንን ፈልጊ። በአያትሽ ሣጥን ውስጥ ዳዊት ወይም ውዳሴ ማርያም ካለ የፊቱንና የኋላውን ልባስ ግለጪ፤ የድሮ ሰው የሙታንን ስም የሚጽፈው እዚያ ነው። የአያትሽ የንስሐ አባት በሕይወት ካሉ ጠይቂያቸው። አያትሽ ፎቶውን ከሁሉ ቢደብቁም ስሙን ከንስሐ አባታቸው ይደብቃሉ ብዬ አላምንም። እንዲያውም አንቺ ሳታውቂ በየዓመቱ ሲያስጠሩት ኖረው ቢሆን አይገርመኝም።

የአጎትሽ ነገር ቀላል ነው፤ የሚያስቸግርሽ መስሎሽ እንጂ። አጎትሽ አባቱን የሚወስድበት ሰው መጣበት። እስቲ ጠይቂው፣ ያ ሣጥን የተቀመጠው በማን ቤት ነበር? በአባባ ቤት። ባል ሚስቱ ሣጥን ውስጥ ያለውን ነገር ያን ሁሉ ዓመት ሳያውቅ ይኖራል? ያውቁ እንደነበር እወራረዳለሁ። አውቀው ዝም ያሉ፣ የወደቀ ወታደር ልጅ ተቀብለው በስማቸው ያሳደጉ ሰው ናቸው። ይህን ለአጎትሽ በዚሁ ቃል ንገሪው፤ አባቱን ከግድግዳ የሚያወርድ ነገር እንደሌለበት ራሱ ያየዋል። ፎቶውንም ሳሎን አትስቀዪው። ሳሎኑ የአባባ ነው። አንድ ቅጂ አሠርተሽ ለእናትሽ ብቻ ስጪያቸው፤ ዋናውን በነበረበት ጨርቅ መልሰሽ ጠቅልዪው። ትራሳቸው ሥር ያድርጉት፣ መሳቢያ ውስጥ ይጣሉት፣ የሳቸው ነገር ነው።

ለብቻው ሙት ዓመት ማውጣቱንም ተዪው። የአያትሽ የራሳቸው ሙት ዓመት እየደረሰ አይደለም? የዚያን ቀን በጸሎቱ ሦስት የክርስትና ስም ይጠራ፤ የአያትሽ፣ የአባባ፣ የእሱም። ድግስ አያሻውም፤ ጸበል ጸዲቅ ይበቃል። ሦስተኛውን ስም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ከጠየቀ እናትሽ መናገር ከፈለጉ እሳቸው ይናገሩ። አንቺ ቀድመሽ አትመልሺ።

ስኮላርሺፑን በተመለከተ አጎትሽን ፊት ለፊት «አዎ፣ አስቤዋለሁ» በዪው። የልጅሽን ትምህርት ማሰብ ነውር አይደለም፤ የሚከፋው ሌላ ሰው አግኝቶ ሲያወጣብሽ ነው። ግን ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ወር አታድርጊያቸው። ደግሞም ዝምድናችሁን በማስረጃ አሳዪ መባልሽ አይቀርም፤ እናትሽ በአባባ ስም የሚጠሩ ስለሆነ መንገዱ ቀና አይሆንልሽም። ያን ለማቃናት ብለሽ የእናትሽን የአባት ስም በፍርድ ቤት ለማስለወጥ እንዳትነሺ። በዚህ ዕድሜያቸው ሁለተኛ አባት እንዲያጡ ማድረግ ይሆናል።

እናትሽን ከየት ልጀምራቸው ትዪኝ ይሆናል። ስለ እሱ አትጠይቂያቸው። ቡና ስትጠጡ ስለ ክርስትናቸው ጠይቂያቸው፤ ክርስትና ያነሣቻቸው ማን እንደነበረች፣ ስማቸውን ማን እንዳወጣው፣ ስለዚያ ቀን ሰው ምን ሲል ሰምተው እንዳደጉ። መጀመሪያ «እኔ ምን አውቄ» ይሉሻል። ዝም ብለሽ ሁለተኛውን ቡና ቅጂ። ከዚያ የሚመጣው ምንም ይሁን አትመልሺላቸው፤ ቁጣም ከሆነ ይቆጡ። ይህን ለቅሶ አንዴም አልቅሰውት አያውቁም፤ ሕፃን ነበሩ፣ ሌላው ሲያለቅስ ነው ያደጉት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በየዓመቱ ኖቬምበር 11 ቀን፣ በኛ ኅዳር 2 ገደማ፣ በነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 11 ሰዓት ላይ ቡሳን በዚያ መካነ መቃብር አንድ ደቂቃ ዝም ይላሉ፤ በሌላ አገር ያሉ ዘማቾችና ቤተሰቦችም ፊታቸውን ወደ ቡሳን አዙረው አብረው ይቆማሉ። ሰዓቱን አስልቼ ገረመኝ። የነሱ ጠዋት 11 ሰዓት በኛ አቆጣጠርም ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ወሩም እናትሽ የተወለዱበት ኅዳር ነው። እናትሽ በዚያ ሰዓት ለኪዳን የሚነሡ ዓይነት ሰው ከሆኑ አብረሻቸው ተነሺ፤ ለምን እንደሆነ አትንገሪያቸው። ወደየት ልዙር ካልሽ ወደ ምሥራቅ ነው፤ እሳቸው በየማለዳው ለጸሎት ወደሚዞሩበት።